ንጉሡን ሲጠብቅ የሰነበተው እህል

ከሞያሌ ከተመለስኩ ወዲህ የጎረቤቶቼ ጥያቄ አንድ ነው። «ንጉሡን አየሻቸው?» ይሉኛል። አይቻቸዋለሁ። ግን እሳቸውን ብቻ ነጥዬ ብነግራችሁ ነገሩ አይገባችሁም። መንገዱንና ሙቀቱን ቀምሳችሁ፣ መጠበቁም ሰልችቷችሁ ነው እሳቸው ዘንድ መድረስ ያለባችሁ፤ እኔም የደረስኩት እንደዚያው ነው።

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። አዳማ ፍርድ ቤት ኦሮምኛውን ወደ አማርኛ፣ አማርኛውን ወደ ኦሮምኛ ስገለብጥ ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እናቴ የሜጋ ቦረና ስለሆነች የዚያን አገር አነጋገር ከጡቷ ጋር ነው የጠባሁት። አንድ የእርዳታ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የእህቴ ልጅ ደወለና፣ «አክስቴ፣ የሩቅ አገር ንጉሥ በኬንያ በኩል ድርቅ የመታውን ሕዝብ ሊጎበኙ ነው። አገራቸው የላከችውን እህል በእጃቸው ያድላሉ። ቦረንኛውን ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው ታመመብን» አለኝ። የንጉሡን አገር እንዳልጠራ ቃል አስገብተውኛልና አልጠራም። ሄድኩ። ጉልበቴን አላማከርኩትም።

ቅዳሜ

ከአዳማ ጎህ ሲቀድ ወጣን። እስከ ሐዋሳ ያለውን መንገድ የማያውቅ ስለሌለ አልፌዋለሁ። ከዚያ ወዲያ እስከ ዲላ አረንጓዴ ነው፤ እንሰቱ መንገድ ዳር ድረስ ወጥቶ አውቶቡሱን ይነካዋል። ዲላ ያደርኩበት አልጋ ክፍል ቧንቧው ሲንጠባጠብ አደረና እንቅልፍ ነሣኝ። ጠዋት ለአከራይዋ አቤት አልኩ። «ይቅርታ እናቴ፣ ውኃ ነው እኮ፣ ምን ይደረግ» አለችኝ። በዚያኑ ዕለት ማታ ይህን አቤቱታዬን ሳስታውስ አፈርኩ።

እሑድ

ሐገረ ማርያምን ካለፍን በኋላ አረንጓዴው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ አለቀ። ያቤሎን ስናልፍ አፈሩ ቀይ፣ ቁጥቋጦው ግራጫ ሆነ። መንገድ ዳር የከብት ሬሳ አየሁ። መጀመሪያ ድንጋይ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛውን ሳይ ድንጋይ እንዳልሆነ ገባኝ።

ሜጋ ሳንደርስ ሞተሩ ፈላ። ሾፌሩ ወርዶ ክዳኑን ከፈተና ተሳፋሪውን በልመና ዓይን አየው። ውኃ! ሁሉም የላስቲክ ጠርሙሱን እየያዘ ወረደ፤ እኔም የቀረኝን ሰጠሁ። የመጨረሻው ጠርሙስ ሲፈስስ ቀና ስል አንድ ከብት ጠባቂ ከአጥንታም ጊደሩ ጋር ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሟል። ለመኪና ውኃ ስናጠጣ ያያል። አልለመነንም። ሾፌሩ ራሱ አላስቻለውም፤ ከጋቢናው የራሱን ኮዳ አውጥቶ ሄደና ሰጠው። ሰውየው አንድ ጉንጭ ጠጥቶ የቀረውን ለጊደሯ በመዳፉ አጠጣት።

ድንበሩ ላይ የኬንያው ሹም ፓስፖርቴን እያገላበጠ፣ «የመጣሽበት ጉዳይ?» አለኝ።

«ንጉሥ ልቀበል ነው።»

ሳቀ። «ኬንያ ንጉሥ የላትም፣ ማማ።»

«እንግዳ ንጉሥ ነው» አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ።

እነሱ ጋ መኪና በግራ ነው የሚሄደው። እኔ እንደ አገሬ ወደ ግራ አይቼ ስሻገር ቦዳቦዳ በቀኝ መጥቶ ቀሚሴን ጠረገኝ። ቦዳቦዳ የሚሉት ሰው የሚጭነውን ሞተር ብስክሌት ነው። ነጂው ዞሮ፣ «ፖሌ፣ ማማ! ፖሌ!» አለ፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ከዚያ ወርዶ ሻንጣዬን ጫነና ሆቴሉ በር ድረስ አደረሰኝ፤ ያለ ክፍያ።

ሆቴሉ የእትዬ ጽጌ ነው። የመንዝ ሰው ናቸው፤ የጭነት መኪና ሾፌር ባል ተከትለው በልጅነታቸው መጥተው፣ ባል ሞቶ እሳቸው ቀሩ። አማርኛቸው የመንዝ ሆኖ ውኃን «ማጂ»፣ ገንዘብን «ፔሳ» ይላሉ። አቧራዬን አይተው አዘኑልኝና ግማሽ ጀሪካን ውኃ አመጡ።

«በዚህ ፊትሽንም እግርሽንም ታጠቢ፣ የተጠቀምሽበትን አትድፊው፤ ለመጸዳጃ ቤት ይሆናል» አሉኝ። እራቱ በቆሎና ማሽላ የተደባለቀ እንጀራ ነበር። «ጤፉን ተይው፤ ከወዲያ ማዶ እስኪሻገር ወርቅ ይሆናል» አሉ። ደረቅ ነው፣ ግን በላሁ። እትዬ ጽጌ እኔ እስክጠግብ አልነኩም።

ሰኞ

ጠዋት የንጉሡ ቀዳሚ መልእክተኛ በላንድክሩዘር መጣ። ቶማስ ይባላል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ፊቱ በፀሐይ ተልጧል። ማንዳዚ የሚሉትን የእነሱን ቦምቦሊኖ በወተት ሻይ እያወራረድን ወደ ጎልቦ ወረድን።

ጎልቦ ከከተማው ቁልቁል የተዘረጋ ደረቅ ሜዳ ነው። እህሉ፣ ዘይቱና የሕፃናቱ አልሚ ዱቄት ውኃ በማጣት በተዘጋ ትምህርት ቤት ውስጥ ተቆልሎ፣ በር ላይ አስካሪዎች ማለትም ዘበኞች ቆመዋል። ከክፍሎቹ ውጭ፣ የግራር ጥላ በደረሰበት ሁሉ ሰው ተቀምጧል። ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ኦቦ ከሚባለው ሩቅ ቦታ በእግራቸው የመጡም ነበሩ።

ሁለት ሰው ተዋወቅሁ። አንዱ ጃርሶ ናቸው፤ ሽበታቸው በነጭ ጥምጥም የተሸፈነ ረጅም ሽማግሌ። ሁለተኛዋ ቃባሌ ናት፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን ያዘለች ወጣት ሴት። የመጀመሪያውን ጆንያ ከንጉሡ እጅ እንድትቀበል ቶማስ የመረጠው እሷን ነው።

«ነገ ጠዋት ግርማዊነታቸው በሄሊኮፕተር ይደርሳሉ። እስቲ እንለማመድ» አለ።

ጆንያ አስወጣ። አንድ ዘበኛ ንጉሡን ሆነ። ቃባሌ ከጥላው ተነሥታ መጣች፣ እጅ ነሣች፣ ጆንያውን ተቀበለች። ፎቶ አንሺው ከወዲህ ትቁም አለ። ጆንያውን ወሰዱባት። እንደገና ሰጧት፤ አሁን ፀሐይ ፊቷ ላይ ሆነ። ወሰዱባት። በሦስተኛው ልክ መጣ። «በጣም ጥሩ!» አለ ቶማስ፤ ጆንያውም ወደ ክፍሉ ተመለሰ፤ በሩ ተቆለፈ። ቃባሌ እጆቿን ዘርግታ እንደቆመች ቀረች።

«አሁን አይሰጡኝም?» አለችኝ።

«ነገ ነው» አልኳት። ብዙ ፍርድ ተርጉሜያለሁ፤ እንደዚያች ቃል የከበደኝ ግን የለም።

ማክሰኞ

ወንበሩ ተደረደረ፤ ምንጣፉ ተነጠፈ። ነፋሱ ምንጣፉን በአቧራ ሸፈነው፤ ጠረጉት፤ መልሶ ሸፈነው። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ የቶማስ ስልክ ጮኸ። ሰምቶ ሲጨርስ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ንጉሡ ናይሮቢ ናቸው። እዚያ የአንድ ጎረቤት አገር ሁለት ባላንጣ ወገኖች ለእርቅ ተሰብስበዋል። አንደኛው ወገን ረግጦ ወጣ። ሁለቱም የሚያከብሯቸው እኚህን ንጉሥ ብቻ ስለሆነ፣ የወጣውን እንዲመልሱ ተለምነው ቀሩ። ነገ ይመጣሉ ተባለ።

ይህን ለሕዝቡ ተረጎምኩ። ሴቶቹ ሻርፓቸውን አንጥፈው ጥላው ሥር ጋደም አሉ። የአካባቢው አስተዳዳሪ፣ ቺፍ ጉዮ፣ «እህሉን ዛሬ እንስጥና ንጉሡ ሲመጡ እንቀበላቸው» አለው ቶማስን።

«ትእዛዙ እሳቸው በእጃቸው እንዲጀምሩት ነው። እኔ የመክፈት ሥልጣን የለኝም» አለ ቶማስ። ውሸቱን አልነበረም።

ስንመለስ ጎማችን ፈነዳ። ቶማስ በጉልበቱ አሸዋው ውስጥ ተንበርክኮ ሲፈታ፣ ያለ ጥላ ቆሜ ጠበቅኩት። እትዬ ጽጌ ማታ ሽሮ አቅርበው ወሬውን ሰሙና አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ማስታረቅ እኮ ደግ ነው፣ ሰናይት» አሉኝ። «የባሌ ሬሳ ከዚያ ማዶ ሲመጣ ድንበሩ በጠብ ተዘግቶ ነበር። አንድ አስታራቂ ባገኝ እግሩን እስም ነበር። ግን ረሃብ ተራ አይጠብቅም።»

ረቡዕ

ጾም ነበር። ጠዋት እንደ ልማዴ ሳልበላ ወጣሁ። ጎልቦ ደርሼ እነዚያን ሰዎች ሳይ ‘ጾመኛ ነኝ’ ብሎ ማሰቡ ራሱ አሳፈረኝ።

ንጉሡ ረፋዱ ላይ ይደርሳሉ ተብሎ ነበር። ረፋዱ አለፈ። እንደገና ስልክ፤ እንደገና «ነገ»። ይህን ቃል ስናገር ሦስተኛዬ ነበር። በዚህ መሐል የቃባሌ አማት፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ለመነሣት ሲሞክሩ ወደቁ። ተሯሯጥን። ቶማስ ራሱ አንገታቸውን በክንዱ ደግፎ ውኃ በክዳን አጠጣቸው። ዓይናቸውን ገለጡ፤ ነጭ ሰው ሲያዩ ደንግጠው መልሰው ጨፈኑ።

ጃርሶ በዱላቸው እየተደገፉ መጥተው አጠገባችን ቆሙ።

«ይህ ሰው የእህሉ ባለቤት ነው?» አሉኝ ቶማስን እያሳዩ።

«አይደለም፤ የባለቤቱ ሠራተኛ ነው።»

«እንግዲያው ባለቤቱን አገናኙኝ።»

ተረጎምኩለት። ቶማስ፣ «ለንጉሥ እንዲህ አይደወልም» አለ።

«ለምን? ጆሮ የለውም?» አሉ ጃርሶ።

ቶማስ አሮጊቷን አያቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣ፤ አንዳንዴ ትንሽ የሚይዘው ኔትወርክ ያኔ አልነበረም። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለች ጉብታ ላይ እንደሚሻል ቺፍ ጉዮ ነገረን። ወጣን፤ ጃርሶ በዱላቸው፣ እኔ ጉልበቴን ይዤ፣ ቶማስ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ። ለአንድ ጸሐፊ ደወለ፤ ጸሐፊው ለሌላ አቀበለ፤ ያኛው ተቆጣው። ከሚሰማኝ ጩኸት ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል ገባኝ። ቶማስ ግን፣ «አንዲት ሴት እጄ ላይ ወድቃለች። ጠብቁ ካላችሁኝ እጠብቃለሁ፤ ስልኩን ግን አልዘጋም» አለ። ቁጭ ብለን ጠበቅን። ድንጋዩ ያቃጥላል።

በመጨረሻ የደከመ የሽማግሌ ድምፅ መጣ። «እየሰማሁ ነው» አሉ።

ጃርሶ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። ንጉሡን «አንተ» ነበር ያሏቸው። እንግሊዝኛው አንተና እርስዎን ስለማይለይ ተገላገልኩ፤ በአማርኛ ቢሆን ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

«የሰው ጠብ እያየህ ነው አሉኝ» አሉ ጃርሶ። «እኛም ጋ ለነገር የተቀመጠ ሽማግሌ ነገሩን ሳይፈታ አይነሣም፤ ከተነሣ ጠቡ ይብሳል። ስለዚህ ና አልልህም። እዚያው ተቀመጥ። እህሉ ግን አንተን እየጠበቀ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ እህሉን እየጠበቁ ነው። ይህን ልነግርህ ነው።»

ተርጉሜ ጨረስኩ።

«አልታደለም?» አሉ ንጉሡ። «እኔ እኮ ከትናንት ጀምሮ እየተበላ ነው የመሰለኝ።»

ቶማስ መሬት መሬቱን አየ።

«ስጡ» አሉ። «አሁኑኑ። እኔን ማንም አይጠብቅ።» ከጀርባቸው ሰው ሲጠራቸው ተሰማ፤ መስመሩም ተዘጋ። ጃርሶ ለምርቃት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ምርቃቱን ለስልኩ ብቻ ጨረሱለት።

ቁልቁለቱን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም። በሩ ሲከፈት ሴቶቹ አልተጋፉም፤ አንድ ቀስ ያለ ድምፅ ነው ከሁሉም የወጣው፣ ትንፋሽ የመሰለ። ቶማስ ሸሚዙን ጠቅልሎ ጆንያ ተሸከመ። ፀሐይ ስትገባ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። ቃባሌ ጆንያዋን በተዋሰችው አህያ ጭና፣ አማቷን ከጎኗ እየደገፈች ስትሄድ ዞር ብላ አላየችንም። ለምንስ ታያለች?

ሐሙስ

ንጉሡ መጡ። ሄሊኮፕተሩ አቧራውን አስነሥቶ ፍየሎቹን በተነ። ከውስጡ አንድ ጎበጥ ያሉ ረጅም ሽማግሌ ቀስ ብለው ወረዱ። ንጉሥ ስል የጠበቅሁት ሌላ ነበር መሰለኝ፤ እኚህ ከአዳማ ፍርድ ቤት ደጃፍ ቀጠሮ ከሚጠብቁ ባለ ጉዳዮች ይልቅ የደከሙ ሰው ናቸው። የሚያድሉት የለም፤ የሚቀበላቸው ሕዝብም ተበትኖ ወደ ቤቱ ሄዷል። የቀረነው ጃርሶ፣ ቺፍ ጉዮ፣ ጃርሶ ያስጠሯት ቃባሌና ጥቂት ሴቶች ነበርን።

ጃርሶ የተደረደረውን ወንበር ትተው የራሳቸውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ አቀረቡላቸው። ንጉሡ ተቀመጡና፣ ፈቃድ ጠይቀው፣ ጫማቸውን አወለቁ። እግራቸው አብጦ የጫማው ክር ሥጋቸው ላይ መሥመር ሠርቷል። አጃቢዎቹ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዞሩ። ቃባሌ ግን አላዞረችም።

«ነገሩ ተፈታ?» አሉ ጃርሶ።

«አልተፈታም» አሉ ንጉሡ። «ትናንት ማታ ሁለቱም ተነሥተው ሄዱ።»

«ትንሽ እረፍና እንደገና ጥራቸው» አሉ ጃርሶ። ሌላ የሚያጽናና ነገር አልነበራቸውም፤ አልፈጠሩምም።

ፎቶ አንሺው ወደ ቶማስ ጠጋ ብሎ ሹክ አለው፤ ቶማስ ወደ እኔ። ቃባሌ ጆንያዋን ከቤቷ ብታመጣና ንጉሡ ቢሰጧት አሉ፤ ለአንድ ፎቶ ብቻ። ቶማስ ራሱ ቃሉን ሲናገር አፈረ። ሥራዬ መተርጎም ነውና ተረጎምኩ።

ቃባሌ ቀና አለች። «ተከፍቷል። ትናንት ማታ አብስለንበታል» አለች።

ንጉሡ ምን እንዳለች ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እጃቸውን አንሥተው ፎቶ አንሺውን መለሱት። ከዚያ ወደ እሷ ዘንበል ብለው፣ «ምን አበሰላችሁ?» አሉ።

«ገንፎ።»

«ጣፈጣችሁ?»

ቃባሌ አሰበች። ጃርሶ በዓይናቸው ‘አዎ በይ’ ያሏት መሰለኝ። «ጨው የለውም» አለች። «አማቴ ያለ ጨው አልወርድ አላት፤ ልጁ ግን በላ።»

ተረጎምኩ። «ጨው» አሉ ንጉሡ ለቶማስ። ሌላ ንግግር አላደረጉም። የጃርሶን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ተሰናበቱ፤ ጫማቸው እንቢ ስላላቸው በካልሲ ሆነው ነው ሄሊኮፕተሩ ላይ የወጡት።

ዓርብ

የቀረው የጨው ነገር ነበር። እትዬ ጽጌ ነጠላቸውን አጣፍተው እኔንና ቶማስን ከሱቅ ሱቅ አዞሩን። የመንዝ አማርኛ፣ ስዋሂሊና ቦረንኛ እያቀላቀሉ ባለ ሱቆቹን ሲያግባቡ ቶማስ ከኋላቸው እንደ ልጅ ይከተላቸዋል። ከወዲያ ማዶ እየተመላለሱ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ጨው ለምን እንደምንፈልግ ሰምተው፣ «ይህንንም ከእኔ ጨምሩበት» ብለው ልጆቻቸውን ካርቶን አስጫኑ። ስናመሰግናቸው ፊታቸውን አዙረው ወደ ደንበኛቸው ሄዱ።

ጎልቦ ስንደርስ ቺፍ ጉዮ ሰው አስጠርቶ ነበር። ጨዉን በእጄ ሰጠሁ። ከጉዞው ሁሉ ለሰው በእጄ የሰጠሁት እሱን ነው። ቃባሌ ተራዋ ሲደርስ ከረጢቱን በጥርሷ ቀደደችና ጣቷን ነክራ ለልጇ አላሰችው። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፤ ሳቀች። ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ልትሄድ ተነሥታ ቆም አለች።

«ያ ሽማግሌ እግሩ አብጦ ነበር» አለችኝ። «ቤቱ ሲገባ የሚያሽለት ሰው አለው?»

«አላውቅም» አልኳት።

«ጠይቂና ንገሪኝ።»

ለቶማስ ነገርኩት። ማስታወሻ አልያዘም፣ አልሳቀምም። «እጠይቃለሁ» አለኝ።

በሚቀጥሉት ቀናት በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ፤ ስለዚያ የምነግራችሁ የለኝም፤ አብዛኛውን ተኝቼ ነው የመጣሁት። ቤቴ ገብቼ ጥቂት ከሰነበትኩ በኋላ የቶማስ መልእክት ስልኬ ላይ መጣ። ንጉሡን በራሱ አፍ ጠይቋቸዋል። «የሚያሽልኝ ሰው የለኝም፤ ግን ተሽሎኛል በሏት» ብለዋል።

እትዬ ጽጌ ጋ ደወልኩ። እሳቸው ለቺፍ ጉዮ ላኩ። ቃባሌ አማቷንና ልጇን ይዛ፣ የቀሩትን ፍየሎች እየነዳች፣ ሣር ፍለጋ ወደ ኦቦ ማዶ ሄዳለች አሉኝ፤ የት እንደሰፈረች የሚያውቅ የለም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ባገኙ ቁጥር መልእክቱን እንዲልኩልኝ ለመንኳቸው። «እሺ፣ ሰናይት» አሉኝ። «ስሟንና መልሱን ብቻ ድገሚልኝ።» ደገምኩላቸው።